የሞተር ትንፋሽ ወዴት ይሂድ?

የቱርቦ መኪና ኮፈን ሲከፈት፣ ከሞተሩ ራስ ተነሥታ ከአየር ፊልትሮው ወደ ቱርቦው በሚሄደው ወፍራም ጎማ ውስጥ የምትገባ አንዲት ጥቁር ቱቦ ትታያለች። ውፍረቷ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። ነዳጅ አታስተላልፍም፣ ውሃ አታስተላልፍም፣ ብትበጠስም መኪናው ወዲያው አይቆምም። የሞተሩ መተንፈሻ ናት። መኪናውን ማፍጠን ወይም ዕድሜውን ማራዘም የሚፈልግ ሰው ውሎ አድሮ እጁ እሷ ላይ ያርፋል። ከነበረችበት ተነቅላ ወደ ሌላ ቦታ ትዙር ወይስ ባለችበት ትቆይ? ጥያቄው ለጋራዥ የሚተው ይመስላል። ነገር ግን የሠራነው ነገር ለሚያስከትለው ያልፈለግነው ነገር ተጠያቂው ማን ነው የሚለው የቆየ ጥያቄ እንዲህ በእጅ ተጨብጦ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከብረቱ ተነሥቼ ወደ ሐሳቡ፣ ከሐሳቡም መልሼ ወደ ብረቱ እየሄድኩ ልመርምረው።

ትንፋሹ ከየት ይመጣል? ነዳጅና አየር በሲሊንደር ውስጥ ሲነዱ የሚፈጠረው ግፊት በዘመናዊ የቱርቦ ሞተር ከ100 ባር ሊያልፍ ይችላል። ይህን ግፊት ከፒስተኑ በላይ ይዘው ወደ ታች እንዳያመልጥ የሚያግዱት ቀጫጭን የብረት ሪንጎች ናቸው። ሪንግ ግን የተዘጋ ክብ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ተቆርጧል፤ በሁለቱ ጫፎች መካከልም ከአንድ ሚሊሜትር በታች የሆነ ክፍተት ሆን ተብሎ ይተውለታል። ብረት ሲግል ይለጠጣልና ቦታ ያስፈልገዋል። ክፍተቱ ባይኖር ሁለቱ ጫፎች ይጋጠማሉ፣ ሪንጉ የሲሊንደሩን ግድግዳ እየፋቀ ይነክሳል፣ በመጨረሻም ራሱ ይሰበራል ወይም ፒስተኑን ይሰብራል። ቱርቦው የሚነፋው ግፊት ከፍ እንዲል የሚፈልግ ሞተር ሠሪ ደግሞ ይህን ክፍተት ሞርዶ ያሰፋዋል፤ ብዙ ኃይል ብዙ ሙቀት ነው፣ ብዙ ሙቀትም ብዙ መለጠጥ። እንግዲህ ኃይል የጨመረው ሰው ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ ለጋዙ የማምለጫ በር ከፍቷል ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል አይደለም። ማፈትለክ የሞተሩ ሕመም ሳይሆን የመሥራቱ ቅድመ ሁኔታ ነው። ፈጽሞ የማያሳልፍ ሪንግ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ሪንግ ነው። ጤነኛው ሞተር ጥቂት ያሳልፋል፣ ያረጀው ብዙ ያሳልፋል፣ ምንም የማያሳልፍ ግን የለም። ስለዚህ ይህ ጋዝ ለምን መጣ ብሎ መቆጣት ትርጉም የለውም። መኪናውን የፈለገ ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ይህንንም ጋዝ ፈልጓል። የሚቀረው ጥያቄ ወዴት ይሂድ የሚለው ብቻ ነው።

ምን እንደሆነ ሳናውቅ ግን ወዴት እንደሚሄድ መወሰን አንችልም። ከሪንጉ አልፎ ክራንክ ሻፍቱ ወደሚሽከረከርበት የታችኛው ክፍል፣ ክራንክኬዝ ወደሚሉት፣ የሚወርደው ጋዝ ያልተቃጠለ ነዳጅ አለበት፣ የተቃጠለ ጭስ አለበት፣ አሲድ የሚፈጥሩ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች አሉበት፣ የውሃ እንፋሎትም አለበት። የውሃው መጠን ብዙ ሰው ይገርመዋል፤ 1 ሊትር ቤንዚን ሲነድ 1 ሊትር የሚያህል ውሃ ይወለዳል። አብዛኛው በማርሚታው በኩል ተኖ ይወጣል፣ የተወሰነው ግን ወደ ታች ይወርዳል። እዚያም የሚሽከረከረው ክራንክ ዘይቱን እየመታ ጉም አድርጎታልና ጋዙ ይህን የዘይት ጉም ተሸክሞ መውጫ ይፈልጋል።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። በክረምት ከቤት እስከ ሥራ አጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ መኪና የዘይት መሙያ ክዳኑ ተከፍቶ ሲገለበጥ፣ ከሥሩ ነጣ ያለ ቡናማ አረፋ ተጣብቆ ይገኛል። በጣት ሲነካ እንደ ቅባት ያሟልጫል፣ ሲያሸቱት ከዘይቱ ሽታ ጋር የቤንዚን ሽታ አለው። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበላ ብሎ ይደነግጣል። ራዲያተሩ ውሃ ካልጎደለበት ግን አረፋው ሌላ ነገር ነው። ሞተሩ በደንብ ሳይግል ስለሚጠፋ መውጣት ያልቻለ፣ እዚያው ቀዝቅዞ ከዘይት ጋር የተለወሰ ትንፋሽ ነው። ጋዙ ካልወጣ የት እንደሚቀር ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ክዳኑ ላይ ተጽፏል።

የመጀመሪያዎቹ መሐንዲሶች የሰጡት መልስ ከሁሉም አጭሩ ነበር፤ ወደ ውጭ ይውጣ አሉ። ከክራንክኬዙ አንድ ቧንቧ ወደ መኪናው ሆድ ሥር ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ከሥር የሚያልፈው ነፋስ ጋዙን ይስበዋል፤ በምትኩ ንጹሕ አየር በዘይት መሙያው በኩል ይገባል። የአሜሪካ መኪኖች በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተነፈሱት በዚህ ዓይነት ነው። ሎስ አንጀለስን ግን በ1943 ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ሸፈናት፤ ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ተመላለሰባት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሪ ሀገን ስሚት የተባለው የካልቴክ ኬሚስት፣ ጭጋጉ የሚፈጠረው ከነዳጅ የሚወጡ ሃይድሮካርቦኖች ከናይትሮጅን ኦክሳይዶች ጋር በፀሐይ ብርሃን ሲገናኙ መሆኑን አሳየ። መቆጣጠሪያ ከሌለው መኪና ከሚወጣው ሃይድሮካርቦን ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህሉ የሚወጣው ከማርሚታው ሳይሆን ማንም ልብ ካላለው ከዚህ መተንፈሻ እንደሆነም ታወቀ። ካሊፎርኒያ ለመኪና ብክለት ያወጣችው የመጀመሪያው ግዴታ ይህን መተንፈሻ የሚመለከት ነበር፤ ከ1963 ሞዴል ጀምሮ ትንፋሹ ወደ ሞተሩ ተመልሶ እንዲቃጠል አዘዘች። ይህ የሆነው ካታሊቲክ ኮንቨርተር በመኪኖች ላይ በብዛት ከመገጠሙ ከ10 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ቧንቧውን ወደ መሬት ያወረደው መሐንዲስ ክፉ ሰው አልነበረም። በእርሱ ስሌት ውስጥ ሞተሩ የሚያልቅበት ወሰን ነበረ፤ ከዚያ ወሰን ወዲያ ያለው በስሌቱ ውስጥ ቁጥር አልነበረውም። ኬሚስቱ ያደረገው ለዚያ ቁጥር ለሌለው ስፍራ ቁጥር መስጠት ነው፤ ስፍራው ሰው የሚተነፍሰው አየር መሆኑን በላቦራቶሪ አሳየ። ስለ ኃላፊነት ስንከራከር አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው ስለ ሰዎች ደግነትና ክፋት ነው። እዚህ ላይ የተለወጠው የማንም ልብ አይደለም። የተለወጠው የሞተሩ ወሰን የት ድረስ ነው የሚለው ዕውቀት ነው፤ ዕውቀቱ ሲለወጥ ትናንት ንጹሕ የነበረ ሥራ ዛሬ በደል ሆነ።

አዲሱ መልስ ይመለስ የሚል ሆነ። ቱርቦ በሌለው ሞተር ነገሩ ቀላል ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ፣ አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ውስጥ የሚፈጠረው መምጠጥ ጋዙን ፒ ሲ ቪ በሚባለው ቫልቭ በኩል ይጎትተዋል፣ እንደገናም ያቃጥለዋል፤ በሌላ በኩል በፊልትሮ የተጣራ አየር ወደ ክራንክኬዙ ገብቶ ውስጡን ያናፍሰዋል። ቱርቦ ሲጨመር ግን ጉዳዩ ይገለበጣል። ሾፌሩ ሲረግጥ ማኒፎልዱ መምጠጡን ትቶ በግፊት ይሞላል፤ ቫልቩ ካልተዘጋ የቱርቦው ግፊት ወደ ክራንክኬዝ ይገባል። ስለዚህ ትንፋሹ ሁለት መንገድ ይበጅለታል፤ መኪናው ቀስ ሲል በቫልቩ ወደ ማኒፎልዱ፣ ሲረገጥ ደግሞ በዚያች ጥቁር ቱቦ ቱርቦው አየር ወደሚስብበት አፍ ይሄዳል። ብዙ ጋዝ የሚያፈተልከው በተረገጠ ጊዜ በመሆኑ፣ ዋናው ሸክም የሚያርፈው በዚህችው ቱቦ ላይ ነው።

የባለ ቱርቦው ቅሬታ እዚህ ላይ ይነሣል፣ ቅሬታውም እውነት አለው። የዘይቱ ጉም በቱርቦው አልፎ፣ ቱርቦው የነፋውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ይሄድና ውስጡን ይቀባዋል፤ የተቀባ ኢንተርኩለር አየሩን እንደ ቀድሞው አያቀዘቅዝም። ዘይት ወደ ሲሊንደር ሲገባ ነዳጁ ማንኳኳትን፣ ማለትም ያለ ጊዜው መፈንዳትን፣ የሚቋቋምበትን ኦክቴን ያወርዳል፤ በቱርቦ ሞተር ማንኳኳት ደግሞ ፒስተን ይሰብራል። ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጭባቸው ሞተሮች ነዳጁ የመግቢያ ቫልቮቹን ስለማያጥባቸው፣ የዘይቱ ጉም እዚያው እየደረቀ ጥቁር ካርቦን ይጋገርባቸዋል። በናፍጣ ሞተር ከዚህ የባሰ አለ። ወደ አየር መሳቢያው የሚገባው ዘይት ከመጠን ካለፈ ሞተሩ ዘይቱን እንደ ነዳጅ መብላት ይጀምራል፤ ቁልፍ ቢዘጋም አይጠፋም፣ አየሩ ካልታፈነ በቀር እስኪሰበር ድረስ ይጮኻል። እንዲህ ያለውን ያየ መካኒክ ቱቦዋን ነቅሎ መጣል ቢመኝ አይፈረድበትም። ሞተሩን የገዛ ቆሻሻውን መልሶ ማብላት ለሞተሩ ጉዳት አለው፤ ይህን ጉዳት የሚክድ የአየር ጥበቃ ክርክር ሐቀኛ ክርክር አይደለም።

ቱቦዋን የሚያዞሩ ሰዎች በአንድ መንገድ አይሄዱም። አንዳንዱ ነቅሎ ወደ መኪናው ሥር ያወርዳታል፤ ይህ በትክክል የ1950ዎቹ ቧንቧ ነው። አንዳንዱ ጫፏ ላይ ትንሽ ፊልትሮ በፋሼታ አስሮ እዚያው ሞተሩ ላይ ይተዋታል፤ ሰንበት ሲል ፊልትሮዋ በዘይትና በአቧራ ትለሰናለች፣ መኪናው ቆሞ ሲሠራ ጋቢናው ውስጥ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ሌላው ደግሞ በመሐል ካች ካን የሚሉትን ጣሳ ይገጥማል። ጋዙ በጣሳው ውስጥ በብረት መረብና በግድግዳዎች መካከል እየተጋጨ ሲያልፍ የዘይቱና የውሃው ጠብታ ወደ ታች ይቀራል፤ የቀረው ጋዝ በሁለተኛ ቱቦ ይወጣል። ጣሳው ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጥያቄውን አይመልሰውም። ያ ሁለተኛው ቱቦ የት ታስሯል? ወደ ቱርቦው አፍ ከተመለሰ ሞተሩ አሁንም ዝግ ነው። ክፍት ከተተወ ግን የተጣራው የባለቤቱ ጥቅም ብቻ ነው፤ ዘይቱ ለኢንተርኩለሩ ሲባል ተያዘ፣ ያልተቃጠለው ነዳጅና ጋዙ ግን ለአላፊ አግዳሚው ተለቀቁ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያቺ ቱቦ ምን ትሠራ እንደነበር መቁጠር ይገባል። ጋዙን ማስወጣት ብቻ ይመስለናል። የቱርቦው አፍ ግን ጋዙን ይመጥጣል፤ ስለሚመጥጥም በክራንክኬዙ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ይላል። ግፊቱ ዝቅ ሲል የውሃውና የቤንዚኑ እንፋሎት ከዘይቱ ውስጥ ተጎትቶ ይወጣል፤ የክራንኩ የዘይት ሲሎችም ወደ ውጭ አይገፉም። ቱቦዋ ክፍት አየር ላይ ስትተው መምጠጡ ይቀራል። ጋዙ በራሱ ግፊት ተገፍቶ ይወጣል እንጂ የሚስበው የለም፤ እንፋሎቱ ዘይቱ ውስጥ ይሰነብታል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ አሲዱ ይበዛል፣ ውሎ አድሮም ጥቁር ዝቃጭ ይሆናል። ሌላም አለ። ቱቦዋ ተነቅላ ወደ ማኒፎልዱ የሚሄደው ቫልቭ ካልተዘጋ፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ በተከፈተው አፍ በኩል ያልተለካና ያልተጣራ አየር ይስባል። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው በመለኪያው ያለፈውን አየር ብቻ ስለሆነ የነዳጁን መጠን ይስታል። በኮረኮንች መንገድ የሚሄድ መኪና ከሆነ ደግሞ አቧራው በቀጥታ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፤ ሪንግና ሲሊንደር የሚበላው ይኸው አቧራ ነው።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። ቱቦ የሚነቅል ሰው ቱቦው ይሠራ የነበረውን ሥራ ሁሉ ይወርሳል። የሚወርሰው ያስቸገረውን ክፍል ብቻ አይደለም። ዘይት ወደ ኢንተርኩለሩ ማምጣቱ ቢያስመርረውም፣ እንፋሎቱን የማስወጣቱ፣ ግፊቱን ዝቅ የማድረጉ፣ ለሌላው ሰው አየሩን የመጠበቁ ሥራ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የእርሱ ነው። እነዚህን በሌላ መንገድ ከሠራቸው ቱቦውን የማዞር ሙሉ መብት አለው፤ እንዲያውም ከፋብሪካው የተሻለ ሊሠራ ይችላል። ካልሠራቸው ግን ችግር አልፈታም፤ ሥራውን ሳይጠይቃቸው በሌሎች ላይ ጫነ። ማዞርን ከመጣል የሚለየው ይህ ብቻ ይመስለኛል።

ፋብሪካው የሠራውን መንካት አይገባም የሚል ሰው ይኖራል። በዚህ አልስማማም፣ ያለመስማማቴም ምክንያት ታሪክ ነው። ቱርቦን ለተራ የቤተሰብ መኪና ካለመዱት ኩባንያዎች ግንባር ቀደሙ የስዊድኑ ሳብ ነው፤ 99 ቱርቦ የተባለውን መኪና እ.ኤ.አ. በ1977 በፍራንክፈርት ትርኢት ለሕዝብ አሳየ። ይኸው ኩባንያ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባመረታቸው ባለ 4 ሲሊንደር ቱርቦ ሞተሮች ላይ የዘይት ዝቃጭ ችግር ገጠመው። ዝቃጩ ከታች ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍነዋል፤ ዘይት ያልደረሰው ቱርቦና ክራንክ ይቃጠላል። ምክንያቱ አንድ አልነበረም፤ ሙቀቱም፣ ዘይት ሳይቀየር የሚኬድበት ርቀት መርዘሙም ድርሻ ነበራቸው። መተንፈሻውም ግን ከተጠያቂዎቹ አንዱ ነበር፤ ኩባንያው ራሱ የመተንፈሻውን አሠራር ደጋግሞ ቀይሮ፣ ለቀድሞዎቹ መኪኖችም የሚገጠም መቀየሪያ አወጣ። ቱቦውን ያዞረው ፋብሪካው ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው መስመር ቅዱስ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሞተሮች ባልዳኑ ነበር። እንግዲህ መመዘኛው ማን ነካው የሚለው ሊሆን አይችልም። የነካው ሰው የሥራውን ዝርዝር ሁሉ ያውቃል ወይ፣ ከነካውስ በኋላ ሁሉም ሥራ እየተሠራ ነው ወይ፣ የሚለው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። የኔ አንዲት ቱቦ ምን ታደርጋለች፣ ከኋላዬ ያለው የጭነት መኪና በአንድ ዳገት የሚያጨሰው የኔን የዓመት ትንፋሽ አይበልጥም ወይ፣ ይላል። ቁጥሩ ምናልባት ልክ ነው። ክርክሩ ግን ልክ አይደለም። በሎስ አንጀለስ ሰማይ ላይ የቆመው ጭጋግ አንድ ብቸኛ ምንጭ አልነበረውም፤ ከብዙ ምንጮች የተዋጣ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ትንንሽ ቧንቧዎችም ድርሻ ነበራቸው፤ የእያንዳንዷም ቧንቧ ባለቤት ይህንኑ ማለት ይችል ነበር። በክረምት የግቢውን ጎርፍ በቦይ አዙሮ ወደ ጎረቤት አጥር የሚለቅ ሰው፣ ጎርፉ ከተራራ የመጣ ነው፣ የኔ ድርሻ ጥቂት ነው ቢል ሽማግሌ ይቀበለዋል? ሽማግሌ የሚጠይቀው ጎርፉ ስንት ነው ብሎ አይደለም፤ ቦዩን ማን ቆፈረው ብሎ ነው።

ይህን መመዘኛ ከተቀበሉት መካከል፣ ለኃይል ሲሉ ምንም የማይቆጥቡት የመኪና እሽቅድምድም ሰዎች መኖራቸው ደስ ይለኛል። ዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን፣ ኤፍ አይ ኤ፣ መተንፈሻው ክፍት የሆነ መኪና ዘይቱ በነጻ እንዳይፈስ መያዣ ጣሳ እንዲኖረው ያዛል፤ ሞተሩ እስከ 2000 ሲሲ ከሆነ 2 ሊትር፣ ከዚያ ከበለጠ 3 ሊትር የሚይዝ። ለፍጥነት ሲል ብዙ ነገር የሚለውጥ ተወዳዳሪ ዘይቱን ግን ይዞ ይዞራል፤ በመታጠፊያው ላይ የሚፈስ ጥቂት ዘይት ከኋላው የሚመጣውን ሰው ይገድላልና። እዚያ ጉዳቱ በሴኮንዶች ውስጥ በዓይን ስለሚታይ ክርክር አልነበረም። በከተማ መንገድ የሚለየው የጉዳቱ ፍጥነትና የተጎጂው አለመታወቅ ብቻ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ የአድራጊውን ዕዳ የሚቀንሱ አይመስሉኝም።

እስካሁን ስለ ሌላው ሰው ተናገርኩ። ቱቦን ማዞር ባለቤቱን ራሱንም የሚያታልልበት መንገድ አለ፣ ጋራዥ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ የናፍጣ ፒክአፕ ሰማያዊ ጭስ ማጨስ ይጀምራል፤ የቱርቦው ጎማ ሲፈታ ውስጡ ዘይት ተኝቷል። ቱርቦው አለቀ ይባላል። ብዙ ገንዘብ ወጥቶ ይቀየራል፤ ሳምንት ሳይሞላው አዲሱም ያጨሳል። ሻጩ ይወቀሳል፣ ሁለተኛው ቱርቦ ይፈለጋል። ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚሽከረከር ዘንግ ነው፤ የሚያለሰልሰው ዘይት ሥራውን ጨርሶ በወፍራም ቱቦ ወደ ታች፣ ወደ ክራንክኬዙ የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ነው። ከታች ግፊት ካለ ዘይቱ አይወርድም፤ ይጠራቀምና በዘንጉ የዘይት ሲል በኩል ወደ አየሩና ወደ ጭሱ ያመልጣል። አንድ ልባም መካኒክ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታ አድርጎ መዳፉን ቢያደርግበት ግፊቱ መዳፉን ያነሣዋል። መተንፈሻዋን ቱቦ ፈትቶ በቢላ ለሁለት ሲሰነጥቃት ውስጧ እንደ ሬንጅ በጠቆረ ዝቃጭ ተሞልቶ፣ የቀረው ቀዳዳ እርሳስ አያስገባም። ሁለቱም ቱርቦዎች ጤነኞች ነበሩ።

ቱቦዋ ንጹሕ ሆና መዳፉ አሁንም ከተገፋ ግን ነገሩ ሪንግ ነው፣ ሞተሩ ሊወርድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቱቦዋን ወደ ሥር አዙሮ መገላገልን ይመርጣል። ጭሱ ከማርሚታው ይጠፋል፣ ኢንተርኩለሩ ይደርቃል፣ መኪናው የዳነ ይመስላል። የጠፋው ግን ምልክቱ ነው፤ በሽታው በመኪናው ሆድ ሥር ይተነፍሳል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ክዳኑን ከፍቶ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ትንፋሹን የሚያየው ለዚህ ነው። ወደ ሥር የወረደ ቱቦ ካየ ማን አወረደው፣ ለምንስ ብሎ ቢጠይቅ ገንዘቡን ያድናል።

ለእኛ አገር ጉዳዩ የራሱ ክብደት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተር የሚመጥጠው ከዚህ ከሳሳ አየር ስለሆነ በማኒፎልዱ የሚፈጠረው መምጠጥም ያንሳል፤ መተንፈሻው ትንፋሹን የሚጎትትበት ኃይል ከታሰበለት በታች ነው። በላዩ ላይ አጫጭር ጉዞና የተጨናነቀ መንገድ አለ፤ ሞተሩ ሳይግል ይውላል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ አሁን በእጃችን ያሉት ሞተሮች ከቀድሞው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይጠበቅባቸዋል። ሪንጎቹ ያረጃሉ፣ ትንፋሹ ይበዛል፣ ቱቦዋን የማዞር ፈተናም ይበዛል። በካሊፎርኒያ የሚኖር ወገናችን መኪናውን በየ2 ዓመቱ ስሞግ ቼክ ወደሚባለው የብክለት ምርመራ ሲወስድ መርማሪው ኮፈን ከፍቶ የመተንፈሻውን ቱቦ በዓይኑ ያያል፤ ተነቅላ ካገኛት መኪናው አያልፍም። በእኛ ጋራዦች እንዲህ ያለ ዓይን ስለሌለ ውሳኔው በባለቤቱና በመካኒኩ መካከል ያልቃል። ይህ ለእነርሱ ነጻነት ነው፤ ሥራውን ሁሉ የሚያየው ሌላ ሰው ስለሌለ ግን እነርሱ ሊያዩት ግድ ነው።

እኔ ምረጥ ብባል ዝጉን ጣሳ እመርጣለሁ፤ የሚበቃ ስፋት ያለው፣ ውስጡ መረብ ያለው፣ ቱቦው ውሃ እንዳይቋጥር ሳይረግብ ተዳፍቶ የሚሄድ፣ መውጫው ወደ ቱርቦው አፍ የተመለሰ። ምክንያቴ የኢንተርኩለሩ መድረቅ ብቻ አይደለም። የፋብሪካው ዝግ መንገድ አንድ ጉድለት አለው፤ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ለባለቤቱ አይነግረውም፤ ሁሉን በስውር ይበላዋል። ጣሳው ይነግራል። የእሽቅድምድሙም ሕግ ጣሳው ብርሃን የሚያሳልፍ ወይም መስኮት ያለው እንዲሆን የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም። በየዘይት ቅያሬው የሚገኘው መጠን ከተመዘገበ፣ ድንገት ሲጨምር ሪንጎቹ ከማንም መካኒክ ቀድመው ተናግረዋል ማለት ነው።

በጣሳው ውስጥ የሚገኘው ነገር ዘይት ብቻ አይደለም። ከላይ ቀጭን፣ ቤንዚን የሚሸት ፈሳሽ፤ ከሥሩ ቡና በወተት የመሰለ ወፍራም ልውስ፤ በክረምት አብዛኛው ውሃ ነው። ዘይት ውድ ስለሆነ መልሰው ሞተሩ ውስጥ የሚያፈሱት አሉ። ይህ መደረግ የለበትም፤ ቱቦዋ ስታስወጣው የኖረችውን ውሃና አሲድ በእጅ መመለስ ነው። አብዛኛው ሰው ደግሞ ከሥር ያለችውን ቧንቧ ከፍቶ ጋራዡ ደጃፍ ባለው ቦይ ውስጥ ያፈሰዋል። ዘይቱ ከዚያ ከክረምቱ ጎርፍ ጋር ወንዝ ይወርዳል፤ ከወንዙ በታች ጎመን የሚያጠጣ ሰው አለ። ስለዚህ ጣሳ ለመግጠም የሚስማማ ሰው፣ ስለ ቱቦው ውፍረትና ስለ መረቡ ከመነጋገሩ በፊት፣ በጋራዡ ጥግ ያገለገለ ዘይት የሚጠራቀምበት በርሜል መኖሩን፣ ካለም ሲሞላ ማን ወዴት እንደሚወስደው ይጠይቅ።